በማርስ ጨረቃ ላይ የሚደረገው ውጊያና በቤት ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት

በአንድ ነገር ላይ ፍርድ ለመስጠት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የነገሩን ባሕርይ መመርመር ይገባዋል። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ መባሉም ስለዚሁ ነው። ወጣቶችና ጎልማሶች በኮምፒውተር ስክሪን ፊት ተቀምጠው ስለሚጫወቱት የተኩስ ጨዋታ የሚሰጠው ፍርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምርመራን የቀደመ ነው። አንዱ ወገን ጨዋታውን የነፍሰ ገዳይ ማሠልጠኛ ነው ብሎ ያወግዘዋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነውና ምንም ጉዳት የለበትም ብሎ ያቃልለዋል። ከሁለቱም ወገን ግን፥ ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱን እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልክተኸዋልን? ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚያጣው ብዙ ነው።

ስለዚህ ነገሩን በጥቅል ከመናገር ይልቅ አንዱን ጨዋታ ለይቶ ማየት ይሻላል። ለዚህም የሚመቸው ዱም የሚባለው ነው። ይህ ጨዋታ በ1993 በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ተሠርቶ ወጣ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዱም ከእርሱ በኋላ ለመጡት ለብዙዎቹ የተኩስ ጨዋታዎች እንደ አባት የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ምስጋናውም ክሱም ከሌሎቹ ይልቅ በእርሱ ላይ ተከማችቷል።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የትውልድ ሐረግ ግን ከዱም አስቀድሞ ይጀምራል። በ1962 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስል የተባለ ወጣት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ፒዲፒ 1 በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ስፔስዎር የተባለውን ጨዋታ ሠራ። በዚህም ጨዋታ ሁለት ሰዎች ሁለት የጠፈር መርከቦችን እየነዱ በአንድ ኮከብ ዙሪያ ይታኰሱ ነበር፤ ኮከቡም መርከቦቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ ተጫዋቹ ከጠላቱ ጥይትም ከኮከቡ ስበትም ራሱን መጠበቅ ነበረበት። በ1978 ደግሞ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለው ጃፓናዊ ታይቶ ለሚባለው ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን ጨዋታ አዘጋጀ። በዚያም ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረታት በረድፍ ተሰልፈው ከሰማይ ሲወርዱ ተጫዋቹ ከታች ሆኖ ይተኩስባቸዋል፤ ቁጥራቸው በተመናመነ መጠን የቀሩት ፍጥነታቸው ይጨምራል።

ጦርነቱ በጠፈርና ከባዕድ ፍጥረት ጋር የሆነበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በጥንቶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ጥቁር ሰማይንና ጥቂት የብርሃን ነጥቦችን መሣል ቀላል ስለ ነበረ ነው። ሁለተኛው፥ ከሌላ ዓለም የመጣ ጭራቅ ሲገደል የሚያለቅስለት ወገን የለውም። ኒሺካዶም ሰዎችን ዒላማ ማድረግ ተገቢ ሆኖ ስላልተገኘ ባዕዳኑን ፍጥረታት መርጧል። እንግዲህ በሥዕል ሰውን መግደል ይገባልን? የሚለው ጥያቄ ከከሳሾቹ አስቀድሞ በራሳቸው በጨዋታ ሠሪዎቹ ዘንድ ተነሥቶ ነበር ማለት ነው።

በ1991 ጆን ካርማክ፥ ጆን ሮሜሮ፥ ቶም ሆልና ኤድሪያን ካርማክ የተባሉ ወጣቶች ኢድ ሶፍትዌር የሚባል አነስተኛ ድርጅት አቋቋሙ። ሁለቱ ካርማኮች የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። እነዚህ ወጣቶች በ1992 ዎልፈንስታይን የተባለውን ጨዋታ ካወጡ በኋላ፥ በዳላስ አጠገብ በምትገኘው በሜስኪት ከተማ ሆነው ዱምን ሠሩ፤ ዲሴምበር 10 ቀን 1993ም ለሕዝብ ሰጡት።

የጨዋታው ታሪክ አጭር ነው። በጥንት የከዋክብት መጻሕፍት መሪኅ የተባለችው ማርስ ሁለት ጨረቃዎች አሏት። እነርሱንም በ1877 አሳፍ ሆል የተባለው አሜሪካዊ የከዋክብት ሊቅ አግኝቷቸው ፎቦስና ዴይሞስ ተብለዋል፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ ፍርሃትና ድንጋጤ ማለት ነው። ይህ እውነተኛው ነገር ነው፤ ከዚህ የሚቀጥለው ልብ ወለድ ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ ዕቃንና ሰውን ከአንደኛው ጨረቃ ወደ ሁለተኛው በቅጽበት የሚያሻግር በር ለመሥራት ሲሞክር በስሕተት ወደ ሲኦል የሚወስድ በር ይከፍታል። አጋንንትም በበሩ ወጥተው በዚያ የሚኖሩትን ያጠፋሉ፤ ከወታደሮቹ አብዛኞቹ ይሞታሉ፥ ሌሎቹም ርኩስ መንፈስ አድሮባቸው በጓደኞቻቸው ላይ ይነሣሉ። የቀረው አንድ ወታደር ብቻ ነው፤ ያም ወታደር ተጫዋቹ ነው።

ተጫዋቹ ወታደሩን ከውጭ ሆኖ አያየውም፤ በወታደሩ ዓይን ሆኖ ያያል። በስክሪኑ ግርጌ መካከል ላይ መሣሪያ የያዘ እጅ ይታያል፤ ከእርሱም በታች የቀረው ጥይትና የቀረው ጤና በቁጥር ተጽፎ ይቀመጣል። በመካከሉም የወታደሩ ፊት አለ፤ ጤናው በጎደለ መጠን ፊቱ በደም እየተሸፈነ ይሄዳል። ሲጀምር የተሰጠው አንድ ሽጉጥ፥ 50 ጥይትና 100 የጤና ነጥብ ነው። ብትን ጥይት የሚተፋውን ጠመንጃ፥ መትረየሱን፥ ሮኬት መተኰሻውንና ሌላውን ሁሉ በየክፍሉ እየፈለገ ማግኘት አለበት። በሮቹ አንዳንዶቹ በሰማያዊ፥ አንዳንዶቹ በቢጫ፥ አንዳንዶቹም በቀይ ቁልፍ ብቻ የሚከፈቱ ናቸው። በግድግዳ ውስጥም የተሰወሩ ጓዳዎች ስላሉ፥ ድንጋዩ ከሌላው ድንጋይ ጥቂት የተለየ መሆኑን ያስተዋለ ሰው በውስጡ መድኃኒትና ጥይት ያገኛል።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጆሮውም እንደ ዓይኑ መሥራት አለበት፤ ጭራቁ ከመታየቱ በፊት ጩኸቱ ይሰማልና። ከጭራቆቹ አንዱ እሳት ይወረውራል፥ ሌላው እየሮጠ መጥቶ ይነክሳል፥ ሌላው አንድ ዓይና ሆኖ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። አንዱ ጭራቅ የወረወረው እሳት ሌላውን ዓይነት ጭራቅ የመታው እንደ ሆነ ሁለቱ ተጫዋቹን ትተው እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች ጥይቱን ከማባከን ይልቅ በመካከላቸው ቆሞ ያጋጫቸዋል፤ ከዚያም ወደ ጥግ ሸሽቶ ፍጻሜውን ይጠብቃል። ጀማሪው ግን የያዘውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ተኩሶ ባዶ እጁን ይቀራል፤ የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ወታደሩ የሞተ እንደ ሆነ የሰበሰበውን መሣሪያ ሁሉ አጥቶ በዚያው ክፍል መጀመሪያ ላይ በሽጉጥና በ50 ጥይት እንደ ገና ይነሣል፤ ወይም ተጫዋቹ አስቀድሞ መዝግቦ ካስቀመጠው ስፍራ ይቀጥላል።

በጊዜው ሰውን ያስደነቀው ከታሪኩ ይልቅ የሥዕሉ ፍጥነት ነበር። የዚያን ዘመን የቤት ኮምፒውተር ደካማ ስለ ነበረ፥ ግድግዳን ሁሉ ልሣል ቢል እንቅስቃሴው እንደ ኤሊ ይሆን ነበር። ጆን ካርማክ ግን በኮምፒውተር ሥዕል ሊቃውንት ዘንድ አስቀድሞ ተጠንቶ የነበረውን አንድ ዘዴ ወስዶ በጨዋታው ላይ አዋለው። የየክፍሉ ካርታ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በመስመር እየተከፈለ፥ አንዱ ክፋይ እንደ ገና ለሁለት እየተከፈለ፥ እንደ ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ሆኖ ተደራጅቶ ይቀመጣል። ተጫዋቹ በአንድ ስፍራ ሲቆም ኮምፒውተሩ የትኛው ግድግዳ እንደሚቀርብና የትኛው እንደሚርቅ ከዚህ ዛፍ ላይ በፍጥነት ያነባል፤ በቅርቡ ግድግዳ የተሸፈነውንም ሳይሥል ያልፈዋል። በዚህም ጥበብ ጨዋታው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እስከ 35 ጊዜ ይታደሳል። ጉድለትም አለው፤ በአንዱ ክፍል ላይ ሌላ ክፍል መደረብ ስለማይቻል በዱም ሕንፃዎች ውስጥ እውነተኛ ፎቅ የለም። ይሁን እንጂ የወለሉና የጣራው ከፍታ ከስፍራ ስፍራ ስለሚለያይ የተጫዋቹ ዓይን ይህን ጉድለት አያስተውለውም።

አንድ ክፍል በተፈጸመ ቁጥር ተጫዋቹ የሒሳብ መዝገብ ይቀርብለታል። ከጠላቶቹ ከመቶ ስንቱን እንደ ገደለ፥ ከዕቃው ከመቶ ስንቱን እንዳነሣ፥ ከተሰወሩት ጓዳዎች ከመቶ ስንቱን እንዳገኘ ይነገረዋል። በግርጌውም ክፍሉን የፈጸመበት ሰዓት ይጻፋል፤ ከጎኑም ጨዋታ ሠሪዎቹ ለመመዘኛ ያደረጉት ሰዓት ተጽፎ ይታያል። ለመጀመሪያው ክፍል የተሰጠው መመዘኛ 30 ሴኮንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ጨዋታው ሰዓትን አይቈጥርም ተብሎ ሊከሰስ አይችልም። ነገር ግን የሚቈጥረው በአንዱ ክፍል ውስጥ ያለፈውን ደቂቃ ነው፤ ከምሽቱ ከእንቅልፍ፥ ከንባብና ከቤተ ሰብ ጭውውት የተወሰደውን ሰዓት የሚመዘግብ መዝገብ የለውም። የዚህም ነገር ክብደት ወደ ፊት ይታያል።

ጨዋታው የተሠራጨበት መንገድም በጊዜው አዲስ ነበር። ከ27ቱ ክፍሎች የመጀመሪያዎቹ 9 ለሁሉ በነፃ ተሰጡ፤ የቀሩትን 18 የፈለገ ሰው ገንዘብ ልኮ ያስመጣ ነበር። ነፃው ክፍል በመጀመሪያ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ፤ ይጠባበቅ የነበረው ሕዝብ ግን ከመብዛቱ የተነሣ ኮምፒውተሩ ሥራውን እስከ ማቆም ደረሰ። ደግሞም እስከ አራት የሚደርሱ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን በገመድ አገናኝተው በአንድነት አጋንንቱን መውጋት ወይም እርስ በርሳቸው መፋለም ይችሉ ነበር። ከዚህም የተነሣ በመሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ የመገናኛው መስመር በጨዋታ ተጨናንቆ ሥራ ስለ ተጓደለ፥ ጨዋታው በሥራ ሰዓት እንዳይደረግ የሚከለክል ማስታወቂያ እስከ መለጠፍ ተደርሷል። በሌላ በኩል ግን ሠሪዎቹ ሌላ ሰው የራሱን ክፍልና የራሱን ሥዕል እየሠራ እንዲጨምርበት ፈቀዱ፤ በዲሴምበር 1997ም የፕሮግራሙን ጽሑፍ ራሱን ለሁሉ ገልጠው ሰጡ። በዚህ መንገድ ጨዋታውን ሲጫወት የኮምፒውተርን ሙያ የተማረ ወጣት ጥቂት አይደለም፤ ዛሬም ለዱም አዲስ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ክሱ መመለስ ይገባል። ዱም ከመውጣቱ በዋዜማው፥ ዲሴምበር 9 ቀን 1993፥ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች የሆኑት ጆሴፍ ሊበርማንና ኸርብ ኮል በዋሽንግተን በጨዋታዎች ውስጥ ስላለው ግፍ የሚመረምር ስብሰባ ከፍተው ነበር። በዚያ ቀን የተወቀሱት ሞርታል ኮምባትና ናይት ትራፕ የተባሉት ነበሩ። ከዚያም የተነሣ የጨዋታ ኩባንያዎቹ በ1994 ጨዋታዎችን በዕድሜ እየለየ የሚመድብ ቦርድ አቋቋሙ፤ ዱምም ዕድሜያቸው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ተመደበ። የጀርመን መንግሥት በበኩሉ በ1994 ዱምን ለወጣቶች እንዳይሰጥ በተከለከሉት መዝገብ ላይ አገባው፤ ከዚያም የተፋቀው በ2011 ነው።

ክሱ የበረታው ግን ከኤፕሪል 20 ቀን 1999 በኋላ ነው። በዚያ ቀን በኮሎራዶ በኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች በጓደኞቻቸውና በመምህራቸው ላይ ተኩሰው ብዙ ነፍስ አጠፉ፤ ራሳቸውንም ገደሉ። ሁለቱም ዱምን ይጫወቱ እንደ ነበረ፥ አንደኛውም ለጨዋታው ክፍል ይሠራ እንደ ነበረ ታወቀ። ኀዘን የደረሰባቸው ቤተ ሰቦችም ጨዋታ ሠሪዎቹን ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ2002 ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። ካሊፎርኒያ በ2005 ግፍ የበዛበት ጨዋታ ለልጆች እንዳይሸጥ ያወጣችውንም ሕግ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በሰባት ድምፅ በሁለት ተቃውሞ ሻረው፤ ጨዋታም እንደ መጽሐፍና እንደ ቴአትር በነፃ የመናገር መብት የተጠበቀ ነው አለ።

የሞተ ልጅ ያለው አባት ምክንያት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ዳኛና ሕግ አውጪ ግን የተከተለውን ነገር ሁሉ ምክንያት አድርጎ ሊቈጥር አይገባውም። ዱምን የተጫወቱት በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሲሆኑ የእነዚህን የሁለቱን ሥራ የሠሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ሰንጠረዥም ንጉሥን ከብቦ መያዣ የሌለው የማድረግ ጨዋታ ሆኖ ሳለ፥ የሚጫወተውን ሁሉ በንጉሥ ላይ የሚያምፅ አላደረገውም። እርግጥ ነው፥ በሰንጠረዥ ገበታ ላይ ደም አይታይም፥ ጩኸትም አይሰማም፤ ስለዚህ ሁለቱን ፍጹም አንድ ማድረግ አይቻልም። መልሱን ከምሳሌ ይልቅ ከምርመራ መፈለግ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ምርመራውም ተደርጓል። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበር በ2015 ባወጣው ጽሑፍ፥ ግፍ የሚታይበትን ጨዋታ መጫወት ከቍጣና ከጠበኛነት ጠባይ ጋር ግንኙነት እንዳለው፥ ወደ ወንጀል ያደርሳል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገለጠ። በ2020ም ያንኑ እንደ ገና ተመልክቶ፥ ግንኙነቱ ትንሽና እንደ መጮህና እንደ መገፋፋት ባለው ነገር የሚታይ መሆኑን፥ የነፍስ ግድያን ሁሉ በጨዋታ ማመካኘትም ሌላውን ምክንያት እንደሚሸፍን አስጠነቀቀ። በ2019 ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ዕድሜያቸው 14ና 15 ዓመት የሆናቸውን ከ1,000 የሚበልጡ የእንግሊዝ አገር ልጆች ጠየቁ፤ ስለ ጠባያቸውም ወላጆቻቸውን ጠየቁ። በግፍ ጨዋታና በጠበኛነት መካከል ግንኙነት አላገኙም። እንግዲህ ሊቃውንቱ በትንሹ ነገር ቢለያዩም፥ ጨዋታው ደህናውን ልጅ ነፍሰ ገዳይ ያደርገዋል የሚለውን በማስረጃ የሚደግፍ የለም።

የወታደሮቹም ምስክርነት ወደዚሁ ያመለክታል። በ1996 የአሜሪካ የማሪን ጦር የጨዋታውን ሁለተኛ ክፍል ወስዶ ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ ለወጠው። አጋንንቱን አስወጥቶ በሰው ጠላት ተካቸው፤ አንዱን ብቸኛ ወታደርም አራት ወታደሮች ባሉበት ጓድ ለወጠው። የፈለገውም ወታደሮቹ አብረው መንቀሳቀስን፥ እርስ በርስ መነጋገርንና በጥድፊያ ጊዜ መወሰንን እንዲለማመዱ ነበር፤ የጠመንጃው አያያዝና የዒላማው ትምህርት እንደ ወትሮው በተኩስ ሜዳ ላይ ቀረ። ቁልፍ በመጫን ተኳሽ መሆን የሚቻል ቢሆን ኖሮ የጥይቱን ወጪ ሊቈጥብ የሚወድ ጦር አይጠፋም ነበር።

ለዓይንና ለልቡና ጥቅም እንዳለውም ተመርምሯል። በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሾን ግሪንና ዳፍኒ ባቬልየር የተባሉ መርማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ጥናት፥ የተኩስ ጨዋታ ልማድ የሌላቸውን ሰዎች በሁለት ከፍለው አንዱን ወገን አንሪል ቶርናመንት 2004 የተባለውን የወደፊት ዘመን የተኩስ ጨዋታ፥ ሌላውን ወገን ቴትሪስ የተባለውን የቅርጽ ማገጣጠም ጨዋታ ለ30 ሰዓት ያህል አጫወቱ። ከዚያም በሌሎች ምልክቶች መካከል ተጣብባ የተቀመጠችን አንዲት ፊደል እንዲለዩ ፈተኗቸው፤ የተኩሱን ጨዋታ የተጫወቱት በልጠው ተገኙ። ይህ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ የተገኘው በተወሰነ ሰዓት፥ በመርማሪ ፊት፥ በጎልማሶች ላይ ነው። ሰዓቱ ካልተወሰነ ጥቅሙ ወዴት እንደሚደርስ ጥናቱ አልተናገረም።

እንግዲህ እውነተኛው ጉዳት የሚገኘው ከዚህ ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አባል መንግሥታት በ2019 የተቀበሉትና በ2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጨዋታ ሱስን እንደ በሽታ ቈጥሮታል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ጨዋታን ለመጀመርና ለማቆም በራስ ላይ ሥልጣን ማጣት፥ ጨዋታን ከሌላው የኑሮ ተግባር ሁሉ ማስቀደም፥ ጉዳት እየታየ እንኳ መቀጠል። ይህም ሆኖ በሽታ ነው የሚባለው፥ ትምህርትን ወይም ሥራን ወይም ቤተ ሰብን በብርቱ የጐዳና እንደ ወትሮው 12 ወር ያህል የቈየ ሲሆን ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስለ ጭራቅና ስለ ደም የተጻፈ አንዳች ነገር የለም። የተኩስ ጨዋታም ሆነ የኳስ ጨዋታ፥ ሰውን የሚይዘው በአንድ መንገድ ነው፤ ክፍሉ አጭር ነው፥ ሽንፈቱ ወዲያው ይታረማል፥ የሚቀጥለውም በር ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። አንድ ክፍል ብቻ ልጨርስ ያለው ልጅ መዋሸቱ አይደለም፤ ሲናገር እውነቱን ነው፥ ነገር ግን አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል።

መንግሥታትም ይህን ሰዓት በዐዋጅ ለመያዝ ሞክረዋል። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ከ2011 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ በኢንተርኔት የሚደረግ ጨዋታ እንዳይጫወቱ ከልክሎ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሕጉን ሽሮ ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ነገሩን ለወላጆችና ለልጆቹ ምርጫ ተወው። የቻይና መንግሥት በ2021 ከዚህ የጠነከረ ትእዛዝ አወጣ፤ ከ18 ዓመት በታች የሆኑት በዓርብ፥ በቅዳሜ፥ በእሑድና በበዓል ቀን ብቻ፥ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ በኢንተርኔት እንዲጫወቱ ወሰነ። ዐዋጁ የኩባንያውን በር ይዘጋ ይሆናል፤ ልጁ በአባቱ ወይም በአያቱ ስም የገባ እንደ ሆነ ግን የሚያውቀው በዚያው ቤት ያለ ሰው ነው።

የካህናትም ጥያቄ መልስ ሳይሰጠው ሊታለፍ አይገባም። በዱም ውስጥ የአጋንንት ሥዕልና የሲኦል ምልክት መብዛቱ ብዙ ምእመናንን አስደንግጧል። ከጨዋታው ሠሪዎች አንዱ የሆነው ሳንዲ ፒተርሰን በእምነቱ የጸና የሞርሞን ወገን ሲሆን፥ አጋንንቱ የክፋት ጎራ ሆነው ስለ ቀረቡ በሥራው እንዳልተቸገረ ተናግሯል። እውነት ነው፥ ተጫዋቹ አጋንንትን እንዲወጋ እንጂ እንዲሰግድላቸው አይጠየቅም። ነገር ግን በጥይት የሚሸነፍ ጋኔን ካህናት ከሚያስተምሩት እጅግ የራቀ ነው፤ በእነርሱ ትምህርት ፈተናው ከውስጥ ነው፥ የሚሸነፈውም በጾምና በጸሎት በትዕግሥትም ነው። ስለዚህ ልጁን የሚያስተምር አባት ሥዕሉን አይተህ ተረግመሃል ከሚለው ይልቅ፥ ይህ ተረት ነው፥ እውነተኛው ተጋድሎ እንዲህ ነው ብሎ ልዩነቱን ቢያስረዳው ይሻላል። የተረገመ ልጅ ተደብቆ ይጫወታል፤ የተማረ ልጅ ግን የሚጠይቀው ሰው እንዳለው ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር ረጅም አይደለም። ወላጅ ጨዋታውን ከልጁ ጎን ተቀምጦ አንድ ጊዜ እስከ ፍጻሜው ይመልከተው፤ ለዕድሜው የተመደበ መሆኑንም አስቀድሞ ያረጋግጥ፥ ለ17 ዓመት የተመደበው ለ9 ዓመት ልጅ አይሆንምና። ሰዓቱ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ይወሰን፤ ከተጀመረ በኋላ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ በሚቀጥለው ክፍል ይሸነፋል። ማቆሚያውም ክፍሉ አልቆ መዝገቡ በሚታይበት ጊዜ ይሁን፤ በውጊያው መካከል ገመዱን መንቀል ልጁን ቍጣ እንጂ ሥርዓት አያስተምረውም። ሹም ደግሞ ስለ ጨዋታ ደንብ ለማውጣት ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት፥ የሚከለክለው ነገር ሥዕሉ መሆኑን ወይስ ሰዓቱ መሆኑን ለይቶ ይወቅ። ሥዕሉን ብቻ የከለከለ ደንብ፥ ደም በሌለበት ጨዋታ ፊት ሌሊቱን የሚያነጋውን ልጅ አያገኘውም።

በፎቦስ ላይ የወደቀው ወታደር አንድ ቁልፍ ሲጫን ተነሥቶ ይቆማል፤ ጥይቱም ጤናውም እንደ መጀመሪያው ይሞላለታል። ለተጫዋቹ ምሽት ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ አልተሠራለትምና፥ ሰዓቱን የሚቈጥርለት በቤቱ ውስጥ ያለ ዐዋቂ ሰው ያስፈልገዋል።